ቤዝ ለቤተሰብ መኪና፦ አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር ሲጣመሩ

ትራፊክ መብራት ይዞን በቆምንበት ከጎናችን የምትቆመውን አሮጌ ቪትዝ ሁላችንም እናውቃታለን። መስኮቷ ዝግ ነው፤ ዘፈኑ የማን እንደሆነ አይለይም። የሚሰማው "ድም፣ ድም" የሚለው ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የኋላ ታርጋዋ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ወላጆች ቤዝ ሲባል የሚታያቸው ይህ ስለሆነ፣ ልጃቸው "ለመኪናችን ሰብዉፈር እናስገጥም" ሲል ገና ሳይጨርስ "አይሆንም" ይሉታል።

ያ የታርጋ መንቀጥቀጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአገጣጠም ጉድለት ምልክት እንጂ የጥሩ ቤዝ ምልክት አይደለም። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር ወደ 41 ኸርዝ ገደማ ይመታል። በመኪና በር ውስጥ የሚገጠሙት ትንንሽ ስፒከሮች እዚያ ድረስ መውረድ ስለማይችሉ የከበሮውና የቤዝ ጊታሩ ግማሽ አካል ይጠፋል። ሰውም የጎደለውን ለማካካስ ድምፁን ይጨምራል፣ ስፒከሮቹም መንጫጫት ይጀምራሉ። ልክ ሆኖ የተገጠመ ሰብዉፈር ያለው መኪና ውስጥ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎም ሙዚቃው ሙሉ ነው፤ ከኋላ ወንበር ካሉት ልጆች ጋር እየተነጋገሩም ይሰማል።

ችግሩ የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ "3000 ዋት" ተጽፏል፤ ዋጋው ደግሞ ከሚጠበቀው በታች ነው። እስቲ እናስበው፤ 3000 ዋት ማለት የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ጋር የሚቀራረብ ኃይል ነው። ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ መስመር ምን ያህል እንደሚጨነቅ የምናውቅ ሰዎች፣ ያው ኃይል ከአንድ ትንሽ የመኪና ባትሪ ይወጣል ሲባል መጠራጠር ነበረብን። በ13.8 ቮልት ሲሰላ ከ217 አምፔር በላይ ይሆናል። የትንንሽ መኪኖች ዲናሞ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 አምፔር በታች የሚያመነጭ ነው፤ ከዚያም ላይ የፊት መብራቱ፣ የዝናብ መጥረጊያውና የሞተሩ ኮምፒውተር ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ካርቶኑ የሚያወራው ለቅጽበት ስለሚደረስበት "ፒክ" ወይም "ማክስ" ኃይል ነው፤ አንዳንዴም ስለ ምንም። ለገዢ የሚጠቅመው "አርኤምኤስ" የሚባለው ቁጥር፣ ማለትም መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ነው። "ሲቲኤ 2006" ወይም በቀድሞ ስሙ "ሲኢኤ 2006" የሚል ምልክት ካለበት፣ ኃይሉ በ14.4 ቮልትና የድምፅ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳይበልጥ የተለካ ነው ማለት ስለሆነ ይታመናል። ምልክቱ ከሌለ የአምፕሊፋየሩን ጎን ይመልከቱና ፊውዙን ያንብቡ። ካርቶን ይዋሻል፤ ፊውዝ ሲዋሽ ግን እምብዛም አይታይም። "3000 ዋት" የተባለው ዕቃ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ከሆነ፣ 30 በ13.8 ሲባዛ 414 ዋት ይመጣል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ያ ነው። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከዚህ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ወደ ድምፅ መስመር ስለሚያሳልፍ፣ በእጅዎ የያዙት የ330 ዋት ገደማ አምፕሊፋየር ነው። ይህም ለአንድ የቤት መኪና ከበቂ በላይ ነው፤ በ3000 ዋት ዋጋ አይግዙት እንጂ።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው። ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው ማለት ይቻላል። እምቢታው ሲቀንስ ከአምፕሊፋየሩ የሚፈሰው ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ አምፕሊፋየር በ4 ኦም 300 ዋት፣ በ2 ኦም ደግሞ 500 ዋት ተብሎ ቢጻፍበት አይገርምም። ግን ወለል አለው። በጣም የተለመደው ስህተት እንዲህ ይፈጠራል፦ ገዢው እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ሰብዉፈሮች ይገዛል። ገጣሚው ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ ጎን ለጎን ያስራቸዋል፤ ድምሩ 2 ኦም ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ግን ሁለቱ መውጫዎቹ ተጣምረው፣ በሙያተኞቹ አነጋገር "ብሪጅ" ተደርገው፣ ከ4 ኦም በታች የማይችል ነው። ሱቁ በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ሲሞከር ግሩም ነው። ገጣሚው ተከፍሎት ከሄደ በኋላ ግን አንድ የእሑድ ጉዞ ላይ "ፕሮቴክት" የምትለው ቀይ መብራት ትበራና ዝም ይላል፤ ወይም አንደኛውን ይቃጠላል።

ባለ ሁለት ኮይል ሰብዉፈር ከሆነ ደግሞ ምርጫው ይሰፋል። ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይሎች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲታሰሩ 8 ኦም ይሰጣሉ። ባለ 2 ኦሞቹ 1 ወይም 4 ይሆናሉ። እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት የሚወሰነው ይህ ነው፤ ሰብዉፈሩ ታስሮ ሲያበቃ የሚመጣው ኦም አምፕሊፋየሩ ከሚችለው ወለል በታች መውረድ የለበትም፤ በዚያው ኦም ላይ የአምፕሊፋየሩ አርኤምኤስ ከሰብዉፈሩ አርኤምኤስ ጋር መቀራረብ አለበት። እኔ ብመርጥ አምፕሊፋየሩ ትንሽ ከፍ ያለውን ጥምረት እመርጣለሁ። ትንሽ አምፕሊፋየር በራሱ ስፒከር አይገድልም፤ ከአቅሙ በላይ ሲጨመቅ ግን የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ያ የተቆረጠ ድምፅ ኮይሉን እያሞቀ ያቃጥለዋል።

"ጌን" የምትባለዋን መዞሪያ ብዙዎች የድምፅ መጨመሪያ አድርገው መጨረሻ ድረስ ያጠምዟታል። ሥራዋ ግን ከቴፑ የሚመጣውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማማት ብቻ ነው። ጥሩ ገጣሚ ሰብዉፈሩን ነቅሎ፣ ቴፑን ሩብ ያህል ቀንሶ፣ የ50 ኸርዝ መሞከሪያ ድምፅ ይከፍትና በቴስተር ይለካል። ለ300 ዋት በ4 ኦም ቴስተሩ 34.6 ቮልት ገደማ ሲያሳይ ያቆማል፤ ለ300 ዋት በ2 ኦም ደግሞ 24.5 ላይ። ቴስተር ሳይዝ "በጆሮዬ አውቀዋለሁ" የሚል ገጣሚ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

አሁን ስለ ሽቦው እንነጋገር፤ ለቤተሰብ ከዋት ሁሉ በላይ የሚያሳስበው እሱ ነውና። ከባትሪው የሚነሳው ዋና ኬብል በልጆቹ እግር ሥር፣ በምንጣፉ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሆነ ቦታ ተፋቅሮ ብረት ከነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ምንጣፉም እሳት ይይዛል። ይህን የሚያስቆመው ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ የሚገባው ፊውዝ ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ይህን ሽቦ አይጠብቅም። በርካሽ የተገጠሙ መኪኖች ላይ ቀድሞ የሚዘለለውም ይኸው ትንሽ ዕቃ ነው።

ኬብሉም ቢሆን ወፍራም መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጫፉን በቢላ ፋቅ ያድርጉት፤ ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ከንጹሕ መዳብ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ አንድ ደረጃ የወፈረ መግዛት ግድ ነው። 300 ዋት ለሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር፣ ወደ 27 አምፔር ስለሚስብ፣ 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ንጹሕ መዳብ ይበቃል። ኔጌቲቩም ተመሳሳይ ውፍረት ኖሮት፣ ቀለሙ ተፍቆ በጸዳ የመኪናው ብረት ላይ ይታሰር።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ቤተሰቦች ጥያቄ ለየት ይላል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ መሄዱ አይቀርም። እነዚህ መኪኖች ዲናሞ የላቸውም፤ ባለ 12 ቮልቱን ትንሽ ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ኃይል የሚቀንስ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አነስተኛ አምፕሊፋየር ይምረጡ፣ ዋስትናውም እንዳይሰረዝ ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ኬብሎች ማንም የድምፅ ገጣሚ እንዳይነካቸው፤ ገዳይ ቮልቴጅ የሚያልፈው በእነሱ ነው።

ሳጥኑን በተመለከተ ዝግ የሆነው አነስተኛ ቦታ ይይዛል፣ ድምፁም ቁጥብ ነው፤ ቀዳዳ ያለው በዚያው ዋት የበለጠ ይጮኻል፣ ግን ይገዝፋል። የልጅ ጋሪ፣ የአስቤዛ ዘንቢልና የክፍለ ሀገር ሻንጣ ለሚጭን ቤተሰብ ሁለቱም ቦታ ይሻሙበታል። በእውነቱ ለአብዛኛው አንባቢ የምመክረው ከወንበር ሥር የሚገባውን ባለ 8 ኢንች ሰብዉፈር ነው፤ አምፕሊፋየሩ አብሮት ስለሚመጣ የማጣመሩን ጣጣ ፋብሪካው ጨርሶታል። ታርጋ አያንቀጠቅጥም፤ ልጁም ለተወሰነ ጊዜ ያኮርፍ ይሆናል። ትልቁን ሳጥን ከመረጡ ግን በቀበቶ ወይም በብሎን ይታሰር። በድንገተኛ ፍሬን ሃያ ኪሎ ሳጥን የሚወረወረው ወደ ኋላ ወንበር፣ ወደ ልጆቹ ራስ ነው።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር፤ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚታገሡት ድምፅ ከሆነ፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ 100 ዴሲቤል ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ይህ ለአዋቂ ሠራተኞች የወጣ መለኪያ ነው፤ ለሕፃናት ከዚያም መቀነስ ይገባል።

ገጥመው ሲጨርሱ ክፍያውን ከማጠናቀቅዎ በፊት ሞተሩን አስነስተው፣ የፊት መብራቱን አብርተው ለሃያ ደቂቃ ያጫውቱት። መብራቱ ከምቱ ጋር የሚደበዝዝ ከሆነ ኃይሉ አልበቃም ወይም ኔጌቲቩ በደንብ አልታሰረም። ከዚያ ዋናውን ኬብልና የፊውዙን ቤት በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ቢል ችግር የለም፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ያስጠፉትና እዚያው እያሉ ያስተካክሉት።