ሥዕሉ በአንድ ቀን፣ ክፍያው በስድሳ ቀን

ማስታወቂያ ሠሪ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቀለም፣ ካሜራና ያማረ ቃል ነው። ገበያው ውስጥ ያለ ሰው ግን ነገሩን በሌላ በኩል ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ላሉ ትንንሽ የማስታወቂያና የዲዛይን ድርጅቶች ከሁሉ የሚከብደው አሳምሮ መሥራት ሳይሆን የሠሩበትን መቀበል ነው። ሥራው ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ተከፋፍሎ፣ ሰው አይቶት ከረሳው በኋላ ሒሳቡ ገና ፈራሚ ፍለጋ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። እስከዚያው ትንሹ ድርጅት ለትልቁ ደንበኛ ያለ ወለድና ያለ መያዣ አበዳሪ ሆኖ ይቀመጣል። ተበዳሪው ብዙ ጊዜ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ መሆኑ ያስቅ ነበር፤ ለመሳቅ ጊዜ ያለው ቢገኝ።

ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ባለ 2 ክፍል ቢሮ ድርጅታቸውን የሚመሩት ወይዘሮ ይህን አበዳሪነት ከለመዱት ወገን ናቸው። ድርጅቱ ከእርሳቸው ጋር 6 ሰው ነው፤ 2 ዲዛይነሮች፣ 1 ጽሑፍ አዘጋጅ፣ 1 ሒሳብ ሠራተኛና ማተሚያ ቤትና ደንበኛ ዘንድ የሚመላለስ 1 ወጣት። ቢሮው ቀድሞ ካዛንቺስ ነበር። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ኮምፒውተሮቹንና የናሙና ሣጥኖቹን በአንድ አይሱዙ አስጭነው ወጡ፤ ለአዲሱ ቢሮ የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈሉ። ስማቸው እዚህ ያልተጠቀሰው በራሳቸው ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልከፈሏቸው ደንበኞችም ጋዜጣ ያነባሉ።

ጥቁሩ ደብተር

ቀናቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። የ2 ልጆች ምሳ ዕቃ ተሰናድቶ፣ ልጆቹ ሰርቪስ ላይ ተሳፍረው፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ናቸው። ከዲዛይነሮቹ ቀድመው የሚገቡት ለጥቁሩ ደብተር ሲሉ ነው። ኮምፒውተር በሞላበት ቢሮ የተበዳሪዎች መዝገብ በእጅ መጻፉ ያስገርም ይሆናል። ወይዘሮዋ ግን በእጅ የተጻፈ ዕዳ አይረሳም ባይ ናቸው። ደብተሩ 4 ዓምድ አለው፤ ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ አራተኛውም «ማን ጋ ቆመ» የሚል ነው። ዋናው አራተኛው ነው። እንደ እርሳቸው አባባል ድርጅት ገንዘብ ከፍሎ አያውቅም፤ የሚከፍለው ሰው ነው። ስለዚህ ቼኩ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ያ ሰው መቼ ፈቃድ እንደሚወጣ፣ ምክትሉ መፈረም ይችል እንደሆነ ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው።

ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ የሥዕል ነው። ስልካቸውን ለሒሳብ ሠራተኛዋ ሰጥተው ከዲዛይነሮቹ ጋር ይቀመጣሉ። በቀኑ ውስጥ የሚወዱት ጊዜ ይህ መሆኑን አይደብቁም፤ በዚህ ምክንያት ነው ሙያውን የገቡበት።

ሰሞኑን ጠረጴዛው ላይ ያለው ካላንደር ነው። ላየው ቀላል የሚመስል፣ ለሠራው ግን ወጥመድ የበዛበት ዕቃ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ ወረቀት ግን በ12 ወይም በ6 ቅጠል መታጠፍ ይወዳል። ስለዚህ ጳጉሜ በብዙ ካላንደር ላይ ከነሐሴ ገጽ ግርጌ እንደ እንግዳ ልጅ ተሸጉጣ ትገኛለች። ይህ የመልክ ችግር ነው። የባሰው የቁጥሩ ነው። ጳጉሜ በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ በሌላው ዓመት ግን 11 ነው። የአንድ ቀኑ ፈቀቅታ እስከ የካቲት 21 ዘለቀ። ገና በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ተከበረ፤ ጥምቀት ግን ከጥር 11 ሳይነቃነቅ በጃንዋሪ 20 ዋለ። ጳጉሜ በ2019ም 6 ቀን ናትና የ2020 ካላንደር ሠሪ ይህንኑ ያገኘዋል። ፋሲካ ደግሞ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ሚያዝያ 24 ነው። የሙስሊሙ በዓላት ጨረቃን ይጠብቃሉ። ያለፈውን ዓመት ፋይል ከፍቶ ቁጥር ብቻ የሚለዋውጥ ዲዛይነር አንድ ቀን ድርጅቱን ያከስራል፤ በዓል ተሳስቶ የታተመ ካላንደር የሚመለሰው ለሠሪው ነውና። ስለዚህ ወይዘሮዋ እያንዳንዱን ወር ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ጽሑፍ አዘጋጁ በሌላ ወረቀት ይከተላል። በዚህ ሁኔታ 13 ወር ለማንበብ አንድ ጠዋት አይበቃም።

ከካላንደሩ ጎን የደንበኞች ጽሑፍ አለ። አንዳንዱ ዛሬም በፓወር ግዕዝ ተጽፎ ይመጣል፤ ሲከፈት ፊደሉ የላቲን ምልክት ሆኖ ይበተናል። የኢትዮጵያ ፊደል በአውሮፓውያን 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በቶሎ አይለወጥም። ሌላው ደንበኛ ደግሞ የቅርቡን አምጥቶ ይመጣል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልኩ ያሠራውን ሥዕል አሳይቶ «ይህንኑ አስተካክሉልኝ» ይላል። ሥዕሉ ያምራል። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ከሩቅ ሲያዩት ግዕዝ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያነቡት አንዱም ፊደል ያልሆነ ነው። ማስተካከሉ እንደ አዲስ ከመሥራት አያንስም፤ ደንበኛው ግን «ያለቀ ሥራ» ነው ብሎ ግማሽ ዋጋ ያቀርባል።

ደረሰኙ ቀድሞ ይሄዳል

4 ሰዓት ላይ ስልኩ ይመለሳል፤ የሚሉትም ሆነ የሚሰሙት በአብዛኛው የታወቀ ነው። «እህቴ፣ ሰነዱ ፋይናንስ ገብቷል።» «እህቴ፣ ፈራሚው መስክ ወጥቷል።» «እህቴ፣ ሰኞ ሞክሪ።» ወይዘሮዋ ተቆጥተው አያውቁም። የተቆጣ አበዳሪ ሰነዱ ከታች ይገባል።

ከሁሉ የሚያንገበግባቸው የደረሰኙ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ክፍያ ለማዘጋጀት አስቀድሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ይጠይቃል። ደረሰኙ ከማሽን ከወጣ በኋላ ግን ሽያጩ ተፈጽሟል ተብሎ ስለሚቆጠር 15 በመቶው ለገቢዎች መግባት አለበት፤ ደንበኛው ይክፈል አይክፈል የገቢዎች ጉዳይ አይደለም። የ100 ሺህ ብር የዲዛይን ሥራ የሠራ ድርጅት ገና 1 ብር ሳይቀበል 15 ሺህ ብር ከኪሱ ይከፍላል ማለት ነው። ደረሰኙን አልቆርጥም ቢል ክፍያው አይጀመርም። ቢቆርጥ ያልተቀበለውን ታክስ ይከፍላል።

ባንክ ለምን አይበደሩም የሚል ይኖራል። ባንክ የሚጠይቀው መያዣ ቤት ወይም ሌላ ንብረት ነው፤ የእርሳቸው ንብረት 5 ኮምፒውተርና የሰው ጭንቅላት ነው። በዚህ የተነሣ እንደ ብዙዎቹ ነጋዴዎች መጠባበቂያቸው ዕቁብ ነው። ከሕንፃው ባለሱቆች ጋር በሳምንት ይጥላሉ። ዕጣቸው ግን በዚህ ዙር ቀድሞ ወጥቶ፣ የወር ደመወዝ ተከፍሎበት አልቋል። አሁን የቀራቸው መጣል ብቻ ነው።

ገበያውም እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ ካወረደ ወዲህ ከቢራ ፋብሪካዎች ይንጠባጠብ የነበረው ሥራ ቀርቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ወረቀት፣ ቀለም፣ ፕሌትና የባነር ሸራ ከውጭ የሚገቡ ናቸውና የማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ዕድሜ አጠረ። ቀድሞ ለ1 ወር ይጸና የነበረው ዋጋ ያን ሰሞን ለ3 ቀን ብቻ እየተሰጠ፣ ወይዘሮዋ ለደንበኛ ያቀረቡት ዋጋ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ያረጅባቸው ነበር።

የኢንሹራንሱ ካላንደር

ከምሳ በፊት አራት ኪሎ ይወርዳሉ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚህ አካባቢ ነው፤ የወይዘሮዋ ማተሚያ ቤት ግን በአጠገቡ ያለ፣ አንድ ባለ 4 ቀለም መኪና ያለው ትንሽ ቤት ነው። ባለቤቱን «ጋሼ» ይሏቸዋል። ጋሼ ናሙናውን በመስኮት ብርሃን ያሳዩአቸዋል፤ በአምፖል የታየ ቀለም አይታመንም። አረንጓዴው ትንሽ ቢጫ ይበዛዋል፤ ይስተካከል ይባላል። የወረቀቱ ጉዳይ ግን እንደ ቀለም በቶሎ አይስተካከልም። ጋሼ ግማሹን ቅድሚያ ካልተቀበሉ ወረቀት አይገዙም፤ ሲያስረክቡም ቀሪውን ሳይቀበሉ ዕቃ አያስወጡም። ጭካኔ አይደለም፤ ወረቀት አስመጪውም እርሳቸውን እንዲሁ ነው የሚያደርጋቸው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ዱቤ የሚሰጥ አንድ ቀለበት ብቻ ነው፤ እርሱም መካከል ላይ ያለው ማስታወቂያ ሠሪ።

በዚህ ሳምንት የመጣው ሥራ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ነው። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ካላንደር ይፈልጋል። የኅትመቱ ዋጋ ከታክስ በፊት 400 ሺህ ብር፣ የዲዛይኑ 60 ሺህ። ክፍያው ዕቃው ተረክቦ በ60 ቀን። ጋሼ ለኅትመቱ የሚጠይቁት 300 ሺህ ሲሆን ከነታክሱ 345 ሺህ ይሆናል። ወይዘሮዋ ከደንበኛው ሊቀበሉት ከሚገባው የ69 ሺህ ብር ታክስ ላይ ለማተሚያ ቤቱ የከፈሉትን 45 ሺህ ቢያቀናንሱ እንኳ 24 ሺህ ብር ለገቢዎች ያስገባሉ። በጠቅላላው 369 ሺህ ብር ከወጣ በኋላ ነው 529 ሺህ ብር የሚመጣው። ትርፉ ጥሩ ነው። 369 ሺህ ብር ግን የለም፤ ቢኖርም በ60 ቀን ውስጥ 2 ጊዜ ደመወዝ ይከፈላል። 60 ቀን የተባለው ደግሞ ስንት ቀን እንደሚሆን ጥቁሩ ደብተር ያውቃል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ኢንሹራንሱ ቢሮ ተገኝተው 40 በመቶ ቅድሚያ ጠየቁ። የግዥ ኃላፊው ሰው አክባሪ ናቸው፤ ቡና አዘዙ፣ ናሙናውን አደነቁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ግን በመመሪያ የለም አሉ። ሌሎች 2 ድርጅቶች ያለ ቅድሚያ ለመሥራት ፕሮፎርማ ማስገባታቸውንም ሳይናገሩ አላለፉም። እንዲህ ሲባል ብዙ ሰው ወይ ይሸነፋል ወይ ይነሣል። ወይዘሮዋ ሁለቱንም አላደረጉም። ሥራው ለሁለት ይከፈል አሉ፤ ዲዛይኑንና የቀለም ቁጥጥሩን እርሳቸው ይያዙ፣ ለኅትመቱ ደግሞ ኩባንያው ራሱ በቀጥታ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ይዋዋል። ከኅትመቱ ላይ የሚያገኙትን 100 ሺህ ብር መልቀቃቸው ነው። በምትኩ የሚያበድሩት የ5 ሰው ጉልበትና የ9 ሺህ ብር ታክስ ብቻ ይሆናል።

ከባድ ውሳኔ ነው። በዚህ ገበያ የትንንሽ ድርጅቶች ኪራይና ደመወዝ የሚሸፈነው ከኅትመት ላይ በሚተርፈው ነው፤ ለሐሳብና ለሥዕል የሚከፈለው ዋጋ አነስተኛ ነው፤ ደንበኛውም ወረቀቱን እንጂ በላዩ ያለውን ድካም አይመዝንም። ኅትመቱን የለቀቀ ድርጅት የዲዛይኑን ዋጋ ከፍ ካላደረገ በቀር ጾሙን ያድራል። ይህን ወይዘሮዋም ያውቁታል። ሆኖም ባልተከፈለ ትልቅ ሥራ የተዘጉ ቢሮዎችን እንጂ በትንሽ ሥራ የተዘጋ እንደማያውቁ ይናገራሉ።

11 ሰዓት ላይ ቢሮ ተመልሰው ደብዳቤውን አስጻፉ። ዲዛይነሮቹ ወጥተዋል፤ ወጣቱ ከአራት ኪሎ የተስተካከለውን ናሙና ይዞ ገባ፤ አረንጓዴው አሁን አረንጓዴ ነው። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የግዥ ኃላፊው ራሳቸው ደወሉ። ሐሳቡን አለቃቸው ተቀብለዋል፤ ውሉ ከጋሼ ጋር ይፈረማል። ነገር ግን ኅትመቱ ስለተለየ ከዲዛይኑ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ ይደረግ አሉ። ወይዘሮዋ 5 በመቶ ብለው፣ ክፍያው በ15 ቀን ይሁን ሲሉ ጨመሩበት። በ30 ተስማሙ። ጥቁሩ ደብተር ተከፍቶ በአዲስ መስመር 57 ሺህ ብር ተጻፈ፤ አራተኛው ዓምድ ለጊዜው ባዶ ነው።