ከአሮጌ ባሌስትራ ስለሚሠራ የትራክተር መጥረጊያ

በባሌ ደጋ፥ በሮቤና በጎባ ዙሪያ፥ ስንዴው በኮምባይነር ከታጨደ በኋላ በማሳው ላይ ጭድና ድንጋይ ይቀራል። ጭዱን ማቃጠል የከብትን መኖ ለእሳት መስጠት ነው፤ ድንጋዩም በሚመጣው አጨዳ የኮምባይነሩን ቢላዋ ይሰብራል።

ለሁለቱም የሚረዳ፥ በትራክተር የሚጎተት ባለ ጥርስ መጥረጊያ ባገር ጋራዥ ሊሠራ ይቻላል። ጥርሱ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ ድንጋይ ሲገጥመው ጎበጥ ብሎ ይመለሳልና። ጥርሱን ከወራጁ ብረት ጋር መበየድ ቢቀልም እጅግ የከፋ ስሕተት ነው። ባሌስትራ በእሳት የጠነከረ ብረት ስለ ሆነ ብየዳው በነካው ስፍራ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥርስ በሁለት ብሎን ይታሰር፤ ሲሰበርም እርሱ ብቻ ይለወጣል።

ከትራክተሩ ጋር የሚገናኘው፥ የአየርላንዱ ሐሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በፈለሰፈው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው። የታችኞቹ ፒኖች ውፍረት በትንሹ ትራክተር 22፥ ከፍ ባለው 28 ሚሊ ሜትር ነውና ቀዳዳው ሳይበሳ አስቀድሞ ይለካ። ለክብደት ተብሎ ሰው በላዩ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ብረት ይጨመርበት።

ጭድ ሲሰበሰብ ጥርሱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ይበል፤ ድንጋይ የሚጠረገው ግን ከታረሰ በኋላ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጥርሱን ጭቃ ይደፍነዋል። ባሌም በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ የሚዘራበት አገር ስለ ሆነ ደረቁ ጊዜ አጭር ነው፤ የወረዳ ሹማምንት መሣሪያው አጨዳው ሳይጀመር እንዲሠራ ቢያደርጉ ይበጃል።