ስለ ኮምፒዩተር የስሕተት ቁጥርና እውነተኛ ሊሆን ስለሚገባው ምክንያት

ሰው መልእክተኛውን ወደ ሩቅ አገር ልኮ ሳይቀናው ቢመለስ «ምን ገጠመህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልእክተኛው «አልሆነም» ብቻ ብሎ ዝም ቢል፤ ጌታው መንገድ ያስጠርግ፤ ወይስ በሌላ ቀን ይላክ፤ ሊያውቅ አይችልም። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋራ ሊነጋገር ሲሻ ራሱ አይሄድም፤ ሥራውን ሁሉ የሚያስተዳድረውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይለምናል። ልመናውም «ኮኔክት» የሚባል ጥሪ ነው። የዚህ ጥሪ ሥርዓት በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ወጣ። ጥሪው ሳይሳካ ሲቀር -1 ይመለሳል፤ ምክንያቱም «ኤርኖ» በሚባል ስፍራ በቁጥር ይቀመጣል።

ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም 101 ማለት ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለም ማለት ነው። 110 ማለት ጊዜው እስኪያልፍ ቢጠበቅ መልስ አልተገኘም ማለት ነው። 111 ማለት የወዲያኛው ኮምፒዩተር እንቢ አለ ማለት ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ በተጠራው በር የሚቀበል አገልግሎት ስለሌለ ነው። የሦስቱም መድኃኒት ልዩ ልዩ ነው። በፊተኛው የራስን ኔትወርክ መመርመር ይገባል፤ በሁለተኛው የወዲያኛው ኮምፒዩተር ጠፍቶ ወይም ፋየርዎል የሚባለው ዘብ መልእክቱን አስቀርቶ እንደ ሆነ መጠየቅ፤ በሦስተኛው የቆመውን አገልግሎት ማስነሣት ነው።

እንግዲህ ፕሮግራም ሠሪው 111ን ለውጦ 110 ብሎ ቢያወራ፤ ጠጋኙ ደኅናውን መንገድ ሲመረምር ይውላል፤ የቆመው አገልግሎት ግን እንደ ቆመ ያድራል። ሐሰተኛ ቁጥር ከዝምታ ይከፋል፤ ዝም ያለው ይመረመራል፤ የሚዋሸው ግን ይታመናልና።

ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪ ሦስት ነገር ይጠብቅ።

1ኛ፤ ጥሪው እንደ ተመለሰ ቁጥሩን ወዲያው ያንብብ፤ ሌላ ጥሪ ቢከተል የፊተኛው ሊሻር ይችላልና።

2ኛ፤ ሳይጠብቅ እንዲመለስ የታዘዘ ጥሪ 115 ቢል ሥራው ተጀምሯል ማለት እንጂ ወድቋል ማለት አይደለም፤ ፍጻሜውን በኋላ ይጠይቅ።

3ኛ፤ ሊኑክስ 111 የሚለውን ማክ 61፤ ዊንዶውስ 10061 ይለዋልና፤ ስሕተቱን በስሙ እንጂ በአኀዙ አይለይ።

መምህርም ኮምፒዩተሩ ሲሰናከል «ተበላሸ» ብሎ ከመተው ይልቅ የታየውን ቁጥርና ቃል እንዳለ ጽፎ ለጠጋኙ ይስጥ። ተማሪዎችም ከዚህ እውነተኛ ምክንያት መናገር የጥገና መጀመሪያ እንደ ሆነ ይማራሉ።