ሱፐርቻርጀር፤ ለትንሽ ሞተር የሚጨመር እስትንፋስ

ቤንዚን ቆጣቢ ነው ተብሎ የተገዛ፥ ሜዳ ላይ ሲነዱት ደስ የሚያሰኝ፥ ዳገት ሲገጥመው ግን ማርሽ እያስቀየረ የሚያቃስት መኪና ያለው ሰው በሁለት አሳብ መካከል መወጠሩ አይቀርም፤ ይኸውም ያለውን ሸጦ፥ ገንዘብ ጨምሮ ጉልበተኛ መኪና መግዛት፥ አለዚያም ባለው ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር የሚባለውን አየር ገፊ መሣሪያ አስገጥሞ ማበርታት ነው። ነገሩ የገንዘብ ጥያቄ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የመሣሪያውን ጠባይ ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን ደጋግሞ ቢቆጥርም በቅን ሊፈርድ ስለማይችል፥ አስቀድሞ ከመሣሪያው ጋር መተዋወቅ ይገባዋል።

ሞተር በቤንዚን ይሠራል መባሉ እውነት ቢሆንም ምሉዕ አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሥርዓቱ ነዶ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፥ የሞተር ኃይል የሚወሰነው ሊጠጣ በሚችለው ቤንዚን ሳይሆን ሊተነፍስ በሚችለው አየር መጠን ነው። በተራው ሞተር ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ስፍራ ይፈጠራል፤ የውጭው አየርም በገዛ ክብደቱ ተገፍቶ ያን ስፍራ ይሞላል እንጂ ከዚህ አብልጦ የሚያስገባው ሌላ ኃይል የለም። ሱፐርቻርጀር ግን ከሞተሩ ዘንግ በቺንጋ እየተሽከረከረ አየሩን በግድ ስለሚያስገባው፥ 1.6 ሊትር የሆነው ሞተር የሁለት ሊትር ሞተር ያህል ይተነፍሳል። ከዘመዱ ከተርቦቻርጀር የሚለየውም በዚህ ነው፤ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያወጣበት ተርቦ የሚሽከረከረው በከንቱ በሚወጣው ጭስ ግፊት ሲሆን፥ ሱፐርቻርጀር ጉልበቱን የሚበደረው ከራሱ ከሞተሩ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ቤንዚን መስጫውን ሲረግጥ ሳይዘገይ ይታዘዘዋል፤ የታዛዥነቱንም ዋጋ በቤንዚን ያስከፍለዋል።

የመሣሪያው ጥንተ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት፥ በኮነርስቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወንድማማቾች ፊላንደርና ፍራንሲስ ሩትስ እ.ኤ.አ. በ1860 የፈጠራ መብት ያወጡበት አየር ገፊ፥ የባለ እጅ ወናፍ ለከሰሉ እንደሚያደርገው ሁሉ፥ ብረት ለሚያቀልጡ ታላላቅ ምድጃዎች ነፋስ ያቀብል ነበር። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 አየርን በግፊት ወደ ሞተር ስለ ማስገባት የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1921 ደግሞ በበርሊን ትርኢት የመርሴዲስ መኪናዎች ይህን መሣሪያ ተሸክመው ቀረቡ። ከዚያም የውድድር መኪናውና አውሮፕላኑ ወረሱት።

የነገሩ ምሥጢር ግን ያለው ሙቀት ላይ ነው። አየር ሲጨመቅ መሞቁ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ፥ ከሱፐርቻርጀሩ የሚወጣው አየር ገና ሲሊንደሩን ሳይነካ የጋለ ነው፤ ቤንዚን ለመቆጠብ የተሠራው ትንሽ ሞተር ደግሞ ያንኑ አየር እንደ ገና በራሱ በኩል አሥር እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። በዚህ ጊዜ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት አንዳንዱ ድብልቅ በራሱ ፈንድቶ ይነዳል፤ መካኒኮች ሞተሩ ያንኳኳል የሚሉት ይህንን ነው። ማንኳኳቱ ከቀጠለ የቴስታታው ጉዋርኒሲዮን ይቃጠላል፥ ፒስተኑም ይሰበራል።

ይህን ከፋብሪካዎቹ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ሥራቸውን እንመልከት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 4ኤ-ጂኢ የሚባለውን 1.6 ሊትር ሞተሩን በሱፐርቻርጀር ሊያበረታ ባሰበ ጊዜ፥ መሣሪያውን ከላይ አስቀምጦ ብቻ አልሸጠም፤ የሞተሩን የመጭመቅ መጠን ከ9.4 ወደ 8 አወረደው፥ ፒስተኖቹንም በመቀጥቀጥ በተሠሩ ጠንካሮች ተካቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሚኒ ኩፐር ኤስም እንዲሁ ነው። ተራው ኩፐር 115 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ይኸኛው 163 ነበረው፤ ነገር ግን የመጭመቅ መጠኑ ከ10.6 ወደ 8.3 ወርዷል፥ የጋለውን አየር የሚያበርድ ማቀዝቀዣ ተጨምሮለታል፥ የአምስት ማርሹ ካምቢዮም በባለ ስድስት ማርሽ ተለውጧል። እንግዲህ ፋብሪካው ይህን ሁሉ ሳያደርግ ያልደፈረውን ነገር፥ ባለቤቱ አንድ ቅዳሜ ጋራዥ ውሎ በብሎን አጥብቄ እወጣለሁ ቢል በምን ይታመናል? ፍሬኑ፥ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ለቀድሞው ጉልበት እንደ ተሠሩ ናቸው። ሾፌርም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ጉልበቱን ዳገት ላይ ብቻ እጠቀምበታለሁ ብሎ የማለውን መሐላ ሜዳ ላይ ይረሳዋል።

በአሜሪካ ለሚኖር ሰው የሕግም ጉዳይ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ ፋብሪካው ባዕድ ዕቃ ስለ ተገጠመ ብቻ ዋስትናውን በሙሉ እንዳያፈርስ ይከለክላል፤ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ወጪው የባለቤቱ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ መሣሪያው ከግዛቱ የአየር ጥበቃ ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ከሌለው የጭስ ምርመራውን አያልፍም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መኪናውን ሽጥ የሚል ነው፤ ነገር ግን ለደገኛ ሰው ፍርዱን የሚያናውጥ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሯ ግፊት የባሕሩ ዳር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በወደብ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 75 ገደማ ይወርዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዴንቨርም፥ ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነውና፥ ጉድለቱ ያነሰ ይሁን እንጂ አለ። በእንዲህ ያለ ስፍራ በልክ የሚገፋ ሱፐርቻርጀር የሚሠራው ሥራ ከፍታው የነጠቀውን መመለስ ስለ ሆነ፥ በፒስተኑና በቢዬላው ላይ ከተሠሩበት መጠን ብዙ የሚያልፍ ሸክም አይጭንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላኖችን ሞተር ወደ ሰማይ ያወጣው ይኸው ጥበብ ነው፤ ሮልስ ሮይስ መርሊን በተባለው ሞተሩ ላይ በሁለት ደረጃ የሚገፋ ሱፐርቻርጀር የገጠመው ለዚህ ነበር።

ሆኖም ደገኛው በደጋ ተወስኖ አይቀርም። ቺንጋው የሚያሽከረክረው መሣሪያ ያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ የሚገፋ እንጂ የት እንዳለ የሚያውቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ጉድለቱን ብቻ የሞላው ሱፐርቻርጀር፥ መኪናው በአዋሽ ሸለቆ አልፎ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፥ በሙሉው አየር ላይ ሲሶ ያህል ይጨምርበታል፤ ይህም የሚሆነው በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት ውስጥ ነው። የጦርነቱ ዘመን አብራሪዎች በዝቅታ ሲበሩ ግፊቱን ይወስኑ የነበረው ስለዚህ ነው። ለመኪናም ትርፉን የሚያሾልክ መዝጊያና ቤንዚኑን እንደ አየሩ መጠን የሚመጥን ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያስተካክል ባለሙያ በሌለበት መሣሪያውን ማስመጣት ከንቱ ወጪ ነው።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ የፋብሪካው እጅ ያልነካው ሱፐርቻርጀር ለቆጣቢ መኪና አይገባም፤ ጉልበት የፈለገ ሰው ፋብሪካው ጉልበተኛ አድርጎ የሠራውን ይግዛ። በኢትዮጵያ ይህ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ታክሱን እንደ ሲሲውና እንደ መኪናው ዕድሜ ስለ ደለደለው ትልቅ ሞተር ብዙ ያስከፍላል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ መኪናውን ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ፊት የሚቆመው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ የእርሱም ሞተር አየር የማይተነፍስ ስለ ሆነ በእንጦጦ ጫፍም በጅቡቲ ወደብም ኃይሉ አንድ ነው።