ትንፋሽ በቁና

ድምፅ፦ ምንጭ ይንፎለፎላል፤ ውኃ ጀሪካን ይሞላል። የእግር ኮቴ። ትንፋሽ ቀስ በቀስ እየከበደ ይመጣል።

ተራኪ፦ ምንጩ ከታች፣ ቤቱ ከላይ ነው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል። እሱን በገመድ አዝላ ዳገቱን የምትወጣ እናት ከምንጩ ዳር የጀመረችውን ወሬ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ትተወዋለች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ቁና እህል የሚሰፈርበት ነው። አማርኛ ግን የደከመ ሰው ትንፋሽንም ይሰፍርበታል። በዛሬው ዝግጅታችን ትንፋሽን የምር የሰፈሩ ሰዎችን እንከተላለን።

ሙዚቃ፦ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል።

ተራኪ፦ ፓሪስ፤ የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳ ሰሞን። አርማን ሴጋን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ተቀምጧል። በእግሩ እየረገጠ ክብደት ያነሳል። የኬሚስትሪው ሊቅ አንቷን ላቮዋዚዬ ደግሞ ሴጋን የሚወስደውን ኦክስጅን ይለካል። የላቮዋዚዬ ባለቤት ማሪ አን ሥራውን በሥዕል አስቀርታዋለች።

ሴጋን ሲሠራ የወሰደው ኦክስጅን አርፎ ሲቀመጥ ከሚወስደው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሰውነት ምግብን እንደ ማገዶ ያነድዳል፤ ሥራ ሲበዛ እሳቱም ይበዛል። ላቮዋዚዬን ያስጨነቀው ከዚህ የሚከተለው ነበር፦ ብዙ የሚያነድደው ድሃ ጥቂት ይበላል፤ ጥቂት የሚያነድደው ሀብታም ይተርፈዋል። ይህንንም በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ አሰፈረው።

ድምፅ፦ የሩጫ ኮቴ፣ ሣር ላይ።

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1911 የኦክስፎርዱ ክላውድ ዳግላስ አየር የማያሾልክ ከረጢት ሠራ። ሰውየው ከረጢቱን በጀርባው ይይዛል፤ አፍንጫው ይቆነጠጣል፤ በአፉ ንጹሕ አየር ይስባል፤ የሚያስወጣው ሁሉ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ የሳበው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ነበረው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ከዚያ ያንሳል። የጎደለውን ሰውነቱ ወስዶታል። ከተወሰደው እያንዳንዱ ሊትር ኦክስጅን ሰውነት 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ያገኛል። እነሆ የትንፋሽ ቁና።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው አርቺባልድ ሂል ይህን ከረጢት ተሸክሞ በማንቸስተር በሣር ሜዳ ላይ ራሱ ሮጠ። ፍጥነቱን በጨመረ ቁጥር የሚወስደው ኦክስጅን ጨመረ፤ በደቂቃ 4 ሊትር አካባቢ ሲደርስ ግን ቆመ። ከዚያ በላይ ቢሮጥም አልጨመረም። እያንዳንዱ ሰው ጣሪያ አለው ማለት ነው።

አርፎ የተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይበቃዋል። የታወቁ የረጅም ርቀት ሯጮች ጣሪያ በዚሁ ስፍር ከ70 ሚሊ ሊትር ያልፋል። ሥራን የሚያከብደው እንግዲህ የሚጠይቀው ኦክስጅን ብቻ ሳይሆን ከሠራተኛው ጣሪያ ስንቱን እንደሚወስድም ጭምር ነው። ለ8 ሰዓት የሚዘልቅ ሥራ ከጣሪያው ሲሶ ገደማ እንዳያልፍ የሙያው ሰዎች ይመክራሉ።

ድምፅ፦ የትሬድሚል ድምፅ፤ የማይቸኩል እርምጃ።

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ከኬንያ የወጣ ጥናት ብዙዎችን አስገረመ። በጭንቅላታቸው የሚሸከሙ የሉኦ ሴቶችና በግንባራቸው ጠፍር አድርገው የሚሸከሙ የኪኩዩ ሴቶች ትንፋሻቸው ተለካ። ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ተሸክመው ሲራመዱ ባዶ እጃቸውን ከሚራመዱበት የበለጠ ኦክስጅን አልወሰዱም። ሸክሙ ከዚያ ሲያልፍ ግን ትንፋሹም አብሮ ጨመረ።

የእኛዋ እናት ግን የተሸከመችው በጀርባዋ ነው፤ የምትሄደውም በዳገት ነው። 50 ኪሎ ብትመዝን ጀሪካኑ 40 በመቶዋ ነው። አየሩም ሳስቷል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ከረጢቱ የወገብ ሕመሟን አይለካም። ቦኖ ከመንደሯ ቢቀርብ ግን ስንት ሊትር ትንፋሽ እንደሚተርፋት በቁጥር ሊያሳየን ይችላል።

ድምፅ፦ ጀሪካን መሬት ይነካል። ከባድ ትንፋሽ።

ተራኪ፦ ደረሰች። ሸክሟን አወረደች። ትንፋሿ ግን ገና አልተመለሰም። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀጥለውን ይህን ትንፋሽ ሂል የኦክስጅን ዕዳ ብሎ ጠራው።

ውኃውን ቤቱ ሁሉ ይጠጣዋል። ዕዳውን ብቻዋን ትከፍላለች።

ድምፅ፦ ትንፋሹ ቀስ እያለ ይረጋል። ዝምታ።