የተረሱት ሁለት ሬክታንግሎች

የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ፈተና በምናርምበት ጊዜ ደጋግሞ የሚያጋጥመን አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም (ሀ + ለ)² = ሀ² + ለ² ብሎ መጻፍ ነው። ስሕተቱ ቀላል ቢመስልም መዘዙ ቀላል አይደለም። የአንድ መኪና ፍጥነት በሰከንድ ከ10 ሜትር ወደ 13 ሜትር ቢያድግ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በምን ያህል ይጨምራል? ጉልበቱ ከፍጥነቱ ዳግም ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ 10² = 100 እና 13² = 169 በመሆናቸው ጭማሪው 69 በመቶ ነው። 13ን 10 + 3 ብሎ ከፍሎ በተሳሳተው ቀመር ያሰላ ተማሪ ግን 109 ያገኛል፤ ጭማሪውንም 9 በመቶ ይለዋል። ፍሬኑ የሚያጠፋው ግን እውነተኛውን ጉልበት ነው።

እኛም ለዓመታት በቀይ እስክሪብቶ «2ሀለ ተረስቷል» እያልን አልፈናል። ተማሪውም በሚቀጥለው ፈተና ይደግመው ነበር። መፍትሔውን ያገኘነው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነው።

መምህሩ ቀመሩን አስቀድመው አልጻፉም። ተማሪዎቹ ጎኑ 13 የሆነ ካሬ እንዲሥሉ፣ እያንዳንዱንም ጎን 10 እና 3 አድርገው እንዲከፍሉና መስመሮቹን እንዲያሰምሩ አደረጉ። ካሬው በአራት ተከፈለ፤ የክፍሎቹም ስፋት 100፣ 30፣ 30 እና 9 ሆነ። መምህሩ ከዚያ «100ንና 9ን ብቻ ከደመርን ከወረቀታችሁ ላይ የቀረው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ተማሪዎቹም ሁለቱን ሬክታንግሎች በጣታቸው አመለከቱ። 2ሀለ ማለት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሥዕሉ አዲስ አይደለም። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በጻፈው «ኤለመንትስ» ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ለእኛ አዲስ የሆነብን ጥያቄው ነው፤ በየትኛው ቅጽበት፣ ከየትኛው ስሕተት ፊት ለፊት እንደሚጠየቅ ማወቁ ነው። ይህን የመሰለ ዕውቀት በአብዛኛው የሚኖረው በመማሪያ መጻሕፍት ሳይሆን በመምህራን ልምድ ውስጥ ነው።

ጃፓናውያን መምህራን ይህን በመገንዘብ ልምዱን ሥርዓት አበጅተውለታል፤ ስሙም «ጁግዮ ኬንኪዩ» ይባላል፤ ትርጉሙ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ጥናት ማለት ነው። ጥቂት መምህራን አንድን ክፍለ ጊዜ በጋራ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ የተማሪዎቹን አስተሳሰብ ይከታተላሉ፤ ከዚያም ተወያይተው ዝግጅቱን ያሻሽላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ስቲግለርና ሂበርት ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ልማድ በአሜሪካ በሰፊው አስተዋውቋል።

እርግጥ ነው፣ የተዋስነው ዘዴ ሁሉ ወሰን አለው። ርዝመት አሉታዊ ሊሆን ስለማይችል፣ ለ አሉታዊ ሲሆን ካሬው እንዳለ አያገለግልም፤ ሌላ አሣሣል ያስፈልጋል።

በቡድን የምታጠኑ ተማሪዎችም ይህንኑ ልታደርጉ ትችላላችሁ። ጓደኛችሁ ሲሳሳት መልሱን ከመንገር በፊት እንዲሥለው ጠይቁት። የቀረውን ክፍል ራሱ በጣቱ ካመለከተ ዳግመኛ አይረሳውም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።