በአፍንጫ የሚረጨው የድባቴ መድኃኒት፦ እቤት የማይወሰድ ሕክምና

ኪኒን አልሠራ ያለው ሰው በቤቱ ያለ ቤተሰብ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ደውሎ «በአፍንጫ የሚረጭ አዲስ የድባቴ መድኃኒት ወጥቷል አሉ፤ እስቲ ላኩልን» ቢል አይፈረድበትም። መድኃኒቱ በእርግጥ አለ። ሆኖም በሻንጣ ተልኮ ሳሎን ውስጥ የሚወሰድ አይደለም።

መነሻው ኬታሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ይህ ማደንዘዣ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። እንደ ሌሎች ማደንዘዣዎች ትንፋሽን ብዙም ስለማይጫን፣ መሣሪያ እንደልብ በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች ለቀዶ ሕክምና ለረጅም ዓመታት አገልግሏል። በ2000 የታተመ አነስተኛ ጥናት ደግሞ በዝቅተኛ መጠን ሲሰጥ ድባቴን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያቀልል እንደሚችል አመለከተ። የተለመዱት ኪኒኖች ሳምንታት ስለሚፈልጉ ነገሩ ትኩረት ሳበ። ከኬታሚን የተገኘው እስኬታሚን፣ «ስፕራቫቶ» በሚል ስም በአፍንጫ የሚረጭ ሆኖ በመጋቢት 2019 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ክትትሉ ምን ይመስላል?

ታካሚው ሕክምና ተቋም ሄዶ፣ ባለሙያ እያየው መድኃኒቱን ራሱ ወደ አፍንጫው ይረጫል። ደም ግፊቱ ከመውሰዱ በፊትም በኋላም ይለካል። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከራስ አካል የመለየት ስሜት ሊመጣ ስለሚችል ቢያንስ ሁለት ሰዓት እዚያው ይቆያል። በማግስቱ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ እስኪነሳ ድረስ መኪና አይነዳም። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለቀጣዮቹ አራት በሳምንት አንድ ጊዜ ይመላለሳል።

ይህን ከደብረ ማርቆስ ሆነው ያስቡት። አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሕክምናው እዚያ ቢሰጥ እንኳ፣ ከአስታማሚ ጋር ሁለት ወር የሚያርፉበት ቤት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬታሚን ሱስ ሊያስይዝ ይችላል። «ፍሬንድስ» በተሰኘው ተከታታይ ፊልም የሚታወቀው ተዋናይ ማቲው ፔሪ በጥቅምት 2023 ሕይወቱ ያለፈው በዋናነት በኬታሚን ምክንያት መሆኑን የአስከሬን ምርመራ አረጋግጧል። መድኃኒቱን ያገኘውም ከሕጋዊ ሕክምና ውጭ ነበር።

ምን ያህል ይረዳል?

በ2023 የታተመ ጥናት ኪኒን አልሠራላቸው ያሉ 676 ሰዎችን አካቷል። ሁሉም የጀመሩትን ኪኒን ሳያቋርጡ፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ምልክቱ የለቀቃቸው እስኬታሚን ከተጨመረላቸው 27 በመቶ፣ ኩዌቲያፒን ከተጨመረላቸው ደግሞ 18 በመቶ ያህሉ ናቸው። ተስፋ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

«ኪኒኑ አልሠራም» ከማለት በፊት

ሐኪሞች ድባቴው ለመድኃኒት እምቢ ብሏል የሚሉት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች፣ በበቂ መጠንና ለበቂ ሳምንታት ተወስደው ለውጥ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ እነዚህን ይጠይቅ፦

• ኪኒኑ ሳይቋረጥ ተወስዷል? ከገጠር ለቀጠሮ የሚመጣ ሰው በትራንስፖርት እጦት ብቻ ሊያቋርጥ ይችላል። ጸበል የሚጠመቅም ኪኒኑን ማቆም የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

• የመድኃኒቱ መጠን ተስተካክሏል? በመጀመሪያው መጠን ወራት ከመቆየት ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል።

• እንቅርት ታይቷል? በጎጃም ደጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ድካምና ድብርት ያመጣል፤ በደም ምርመራም ይለያል።

• አረቄ አለ? መጠጥ ድባቴን ያባብሳል፣ የመድኃኒቱንም ጥቅም ያዳክማል።

• ከመጠን ያለፈ ደስታ፣ እንቅልፍ የማጣትና ገንዘብ የመበተን ጊዜ ነበር? ባይፖላር ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።

መልሶቹን በወረቀት ጽፈው፣ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሪፈር ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ሊጻፍ ይችላል። ታማሚው «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ብቻውን አይተዉት፤ ገመድ፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ ኪኒን ከአጠገቡ አርቀው በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።